ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ሜትር እርሱት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ እጅ ሬዲዮ ናቸው። አልገረመኝም። ሐዋሳ ውስጥ ሆቴል በሆቴል ላይ እየተሠራ ነው። ጥበቃው፣ ፓርኪንግ አስተናጋጁ፣ ሰርግ አዘጋጁ፣ ጀልባ ነጂው፣ ሁሉም ዎኪ ቶኪ ይፈልጋል። እኔም ፒያሳ ባለችው ትንሽ ጥገና ቤቴ ከቴሌቪዥን ይልቅ ሬዲዮ መፍታት ከጀመርኩ ሰነበትኩ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለሱ ለቅቄለታለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የጸሐፊዎቹን ስም ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የጥበቃ ኃላፊ ነኝ። ሕንፃው ሰባት ፎቅ ነው፤ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ቤዝመንት አለው። ሬዲዮ እንድንገዛ ተፈቅዶልን ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቤያለሁ። አንደኛው ባኦፌንግ 888 ኤስ ነው። በያዝነው በጀት አሥር ፍሬ ይገዛል። 5 ዋት ነው፣ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሠራል ተብያለሁ። ሁለተኛው ዲጂታል ሲሆን በዚያው ብር የሚገኘው አራት ብቻ ነው። ሦስተኛው ሲም ካርድ የሚገባበት ነው፤ ሻጩ «ከዚህ አዲስ አበባ ድረስ ያናግራል» ይላል። ባለቤቱ ርካሹን ግዛ እያሉኝ ነው። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፕሮፎርማዎቹን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ክተታቸው። ከዋጋ የሚቀድም ጉዳይ አለ። እሱም ፈቃድ ነው።

የእጅ ሬዲዮ እንደ ሞባይል ገዝተህ ወዲያው የምትከፍተው ዕቃ አይደለም። ሞገዱን የሚያስተዳድረው በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሆቴሉ አመልክቶ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም የሚነጋገርበት የሞገድ ቁጥር፣ ሊፈቀድለት ይገባል። መሣሪያውም ታይፕ አፕሩቫል፣ ማለትም ሞዴሉ እዚህ አገር እንዲሠራ የተፈቀደበትን ማረጋገጫ፣ ያገኘ መሆን አለበት። ስለዚህ ለሦስቱም ሻጮች የመጀመሪያ ጥያቄህ «የዚህ ሞዴል ታይፕ አፕሩቫል ወረቀት የት አለ?» ይሁን። ወረቀቱን ማሳየት ያቃተው ሻጭ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ከውድድሩ ወጣ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሬዲዮው ከተወረሰ በኋላ ባለቤቱ የሚያፋጥጡት አንተን ነው፤ ሻጩን አይደለም።

ወረቀቱ ካለ ወደ ዕቃው እንግባ።

10 ኪሎ ሜትር የሚለው ውሸት ነው አልልህም። ሁለት ሰዎች ገላጣ ሜዳ ላይ ቆመው፣ ሬዲዮውን አፋቸው አካባቢ ይዘው ቢነጋገሩ፣ የመሬት ክብነት የሚፈቅድላቸው ወደ 10 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ታቦር ተራራ ላይ ከወጣማ ከዚያም ይርቃል። ግን አንተ ሜዳ ላይ ያለ ሰው አይደለም የምታናግረው። በሩ ላይ ቆመህ፣ ቤዝመንት ውስጥ ጄነሬተር ክፍሉ አጠገብ ያለውን ልጅ ነው። በመሃላችሁ ኪሎ ሜትር የለም። ያለው ኮንክሪትና ፌሮ ነው። እሱን ደግሞ የትኛውም ካርቶን አይጽፈውም።

ዋቱም እንዲሁ ነው። ሰው ዋት ሲሰማ ጉልበት ይመስለዋል። ዋቱን አራት እጥፍ ብታሳድገው ገላጣ ቦታ ላይ እንኳ ርቀቱ ቢበዛ እጥፍ ነው የሚሆነው። በ4 ዋትና በ5 ዋት መሃል ያለውን ልዩነት ጆሮህ አይለየውም። ደግሞ ርካሽ ሬዲዮዎችን መለኪያ ላይ ሳስቀምጣቸው ካርቶኑ ያለውን ዋት የማይሰጡ ብዙ ናቸው። ሁለት ፕሮፎርማ ስታነጻጽር የዋቱን መስመር ዝለለው።

የማትዘለው መስመር «ባንድ» የሚለው ነው፤ ሬዲዮው የሚሠራበት የፍሪኩዌንሲ ክልል ማለት ነው። የእጅ ሬዲዮ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቪኤችኤፍ፣ ማለትም ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ፣ እና ዩኤችኤፍ፣ ከ400 ሜጋኸርዝ በላይ። የቪኤችኤፍ ሞገድ ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። የዩኤችኤፉ 70 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። አጭሩ ሞገድ በበር፣ በመስኮት፣ በደረጃ ክፍተት ይሾልካል፤ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ኮሪደር ለኮሪደር ይዞራል። ለሕንፃ ዩኤችኤፍ ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ቪኤችኤፍ ለእርሻ፣ ለገጠር መንገድ ሥራ፣ ዛፍና ጉብታ ለሞላበት ሰፊ ቦታ ይሁንልህ።

888 ኤስ ዩኤችኤፍ ነው፤ ይህ ጥሩ ነው። 16 ቻናል አለው፣ ስክሪን የለውም። ብዙ ሰው ስክሪን የሌለውን ይንቃል። እኔ ለጥበቃ ሥራ የምመርጠው እሱን ነው። ሌሊት እንቅልፍ ያስቸገረው ዘበኛ የሚነካካው ቁልፍ ያለው ሬዲዮ፣ ሲነጋ ከቻናሉ ጠፍቶ ነው የሚገኘው። ምናልባት ሻጩ «ትንሽ ጨምረህ ዩቪ-5 አር ውሰድ፣ ቁልፍም ስክሪንም አለው፣ ሁለቱንም ባንድ ይሠራል» ይልህ ይሆናል። እውነቱን ነው፤ ሁለቱንም ይሠራል። ችግሩም እሱ ነው። ልጆቹ ያልተፈቀደላችሁን ፍሪኩዌንሲ በጣታቸው ጽፈው ማውራት ይችላሉ። ሆቴሉ ለዚያ ተጠያቂ ይሆናል።

ዲጂታሉ የድምፅ ጥራቱ ደስ ይላል። ሹክሹክታ የለ፣ ሽሽሽ የለ። አብዛኛው ዲኤምአር የሚባለውን የአውሮፓ ስታንዳርድ ይከተላል። አንዱን 12.5 ኪሎኸርዝ ቻናል በጊዜ ለሁለት ከፍሎ ሁለት ንግግር ያሳልፍበታል። ስትናገር ማሰራጫው የሚሠራው ግማሹን ጊዜ ስለሆነ ባትሪውም ይቆጥባል። ግን አንድ ጠባይ አለው። አናሎጉ፣ ማለትም እንደ 888 ኤስ ያለው ዲጂታል ያልሆነው፣ ሊጠፋ ሲል ድምፁ እየሻከረ ያስጠነቅቅሃል፤ ልጁ ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ይጠጋና ይደግምልሃል። ዲጂታሉ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይቆይና ድንገት ጭጭ ይላል። ሌባ እያባረረ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞ ካርቶኑ ላይ «ዲጂታል» ስለተጻፈ ብቻ ከሌላ ዲጂታል ጋር ይግባባል ማለት አይደለም። ዲኤምአር ከዲኤምአር ጋር ነው። ኤንኤክስዲኤን የሚባል ሌላ አለ፣ ዲፒኤምአር የሚባልም አለ። እርስ በርስ አይሰማሙም። ዘንድሮ አራት ገዝተህ ለከርሞ ሌላ አራት ስትጨምር ይህን አትርሳ።

ሦስተኛው፣ ሲም ካርድ ያለው፣ የሬዲዮ ልብስ የለበሰ ስልክ ነው። ኔትወርክ ካለ አዲስ አበባ ቀርቶ ሞያሌም ያናግርሃል። ኔትወርክ ከሌለ ከበሩ ማዶ ያለውንም አያናግርህም። ቤዝመንታችሁ ውስጥ ስልክ ይሠራል? ካልሠራ ነገሩ እዚያው አለቀ። የየወሩ ካርድም አለበት። እንግዳ ከኤርፖርት ለሚያመጡ ሾፌሮች ግን ጥሩ ነው፤ ለነሱ አስብበት።

አሁን ዋናው። ሳትሞክር አትግዛ። እያንዳንዱ ሻጭ ሁለት ሁለት ፍሬ ይዞ ይምጣ፤ ሙከራው እሱ ባለበት፣ እሱ በተፈቀደለት ፍሪኩዌንሲ ይሁን። እምቢ ካለ ስለ ዕቃው ነገረህ ማለት ነው። አንድ ሰው በሩ ላይ አቁም። አንተ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ ዙር። የቤዝመንቱ ሩቅ ጥግ። ጄነሬተሩ እየሠራ ከኋላው። ላውንደሪ። ወጥ ቤት፣ ያውም በምሳ ሰዓት። ሊፍት ውስጥ በሩ ተዘግቶ። ጣሪያ ላይ የውኃ ታንከሩ ጋ።

እባክህ «ሄሎ ሄሎ፣ ይሰማል?» እያላችሁ አትሞክሩ። ሄሎ ተቆራርጦም ይገባል፤ ጆሮ ጎደሎውን ራሱ ይሞላዋል። የመኪና ታርጋ አንብብለት። ኮድ 3፣ ከዚያ አምስት አሃዝ። እሱ የሰማውን ይጻፍ። ቁልፉን ተጭነህ አንድ ሰከንድ ቆይተህ ጀምር፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይበላል። ማይኩን ከአፍህ አራት አምስት ጣት አርቀው። በየቦታው አንዴ ተነግሮ የተጻፈውን፣ ተደግሞ የተጻፈውንና ጨርሶ ያልተሰማውን ለይተህ መዝግብ። ሦስቱንም ሬዲዮ በአንድ ቀን፣ በሞላ ባትሪ፣ እዚያው ቦታ ላይ። ሲያልቅ በእጅህ ያለው ወረቀት ከሦስቱም ፕሮፎርማ ይበልጣል።

ቤዝመንቱ ሦስቱንም ካሸነፋቸው ሻጮቹ ሪፒተር ግዛ ይሉሃል። ሪፒተር በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተቀብሎ በሌላ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ ነው፤ ይሠራል፣ ግን ዋጋውም ፈቃዱም ሌላ ነው። ከዚያ በፊት የዘበኛውን ወንበር ወደ መኪና መውረጃው አፍ አምስት ስድስት ሜትር አስጠጋው። ብዙ ጊዜ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ወንበር ማንሳት ደግሞ ፕሮፎርማ አያስፈልገውም።

ባትሪውን ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው። አምራቾች «ይህን ያህል ሰዓት ይቆያል» ሲሉ ሒሳቡ ከመቶው ጊዜ 5 እጅ መናገር፣ 5 እጅ መስማት፣ 90 እጅ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። የኛ ልጆች ግን ሌሊቱን ኳስ ሲያወሩበት ያድራሉ። የአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ ካላችሁ ለእያንዳንዱ ሬዲዮ ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልጋል። አንዱ ወገብ ላይ ሲሆን ሌላው ቻርጀር ላይ ይሆናል። ያለ ትርፍ ባትሪ አሥር ሬዲዮ ከምትገዛ ትርፍ ባትሪ ያላቸው ስድስት ይሻሉሃል። ከስድስቱ ጋር አብሮ ባለ ስድስት ማስቀመጫ ቻርጀር ጠይቅ። ስድስት የተለያየ ቻርጀር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ተደርድሮ ሳይ እኔን ያመኛል። «ባትሪው ብቻውን ይሸጣል ወይ? የት?» ብለህም ጠይቅ። መልሱ «እናስመጣለን» ከሆነ የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ቦታዎችህን ቁጠር። በር፣ ቤዝመንት፣ ሪሴፕሽን፣ ፎቅ ላይ የሚዞረው፣ በሐይቁ በኩል ያለው አጥር፣ አንተ። ስድስት ናችሁ። አራት ዲጂታል ስድስት ቦታ አይሸፍንም። ርካሹ አናሎግ ወረቀቱ ካለውና የታርጋውን ፈተና ካለፈ፣ ስድስቱን ከነትርፍ ባትሪያቸው ውሰድ፤ የተረፈውን ብር ለጆሮ ማዳመጫ አድርገው። ወረቀት ከሌለው ግን ባለቤቱን በጀት አስጨምር። አልሰማም ካሉህ ሙከራውን አብረውህ ይዙሩ። ቤዝመንት ወርደው ራሳቸው ታርጋ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። እኔ ዕድሜዬ ስድሳን ያለፈ፣ ሐይቁ ላይ የኖርኩ ጀልባ ነጂ ነኝ። ከፍቅር ሐይቅ ተነስተን እንግዶችን ጉማሬ እናሳያለን። አንዳንዴ ሞተር መሃል ላይ ይጠፋል፤ የምንጠራራው በስልክ ነው። ማኅበራችን ሬዲዮ እንግዛ እያለ ነው። ውኃ የማያስገባውን እንዴት እንለያለን? አንዱ ሻጭ የመርከብ ሬዲዮ አለኝ ብሎናል።

መልስ፦ አባቴ፣ ለሬዲዮ እንደ ሐይቅ የተመቸ ቦታ የለም። የሚጋርድ ነገር የለበትማ። ስለዚህ በዋት አይጨነቁ። ርቀት ከፈለጉ ከፍታ ይጨምሩ። ዳር ላይ ባለው ቢሯችሁ አንቴና 10 ሜትር ምሰሶ ላይ ቢሰቀል፣ ውኃ ላይ ካለ ጀልባ ጋር ወደ 18 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚተያይ መስመር ይኖረዋል። የእጅ ሬዲዮ ለጀልባዎቹ፣ አንድ ቋሚ ሬዲዮ ለዳሩ። አስር ትልልቅ ሬዲዮ ከመግዛት ይህ ይቀላል።

የውኃውን ነገር የሚነግርዎት አይፒ የሚል ምልክትና ከጎኑ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። የመጀመሪያው ለአቧራ፣ ሁለተኛው ለውኃ ነው። አይፒ 54 ማለት ፍንጣሪ ይችላል ማለት ነው፤ ከሰዓት ነፋሱ ተነስቶ ማዕበል ሲረጫችሁ ያንን ይቋቋማል። አይፒ 67 ከሆነ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቆይ ውኃ አያስገባም። ለእናንተ 67 ነው። ቁጥሩ ሳይኖር «ውኃ አይገባውም» ብቻ የሚል ካርቶን ካዩ አይመኑት።

ግን 67 የሆነውም ቢሆን የጎን ላስቲኮቹ በደንብ ከተዘጉ ብቻ ነው። ጥገና ቤቴ የሚመጡት ውኃ የገባባቸው ሬዲዮዎች አብዛኞቹ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያዋ ላስቲክ የሌላቸው ናቸው። ልጆቹ ትበጠሳለች ብለው ራሳቸው ይቆርጧታል። ስፒከሩ ውስጥ ደለል አገኛለሁ፣ መሰኪያዋ አረንጓዴ ሆና።

ሌላው፣ ውኃ አለማስገባትና መንሳፈፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። 67 የሆነ ሬዲዮ ውኃ ሳያስገባ ሊሰምጥ ይችላል። ሐይቁ ደግሞ 1 ሜትር ላይ አያቆምም። ማንጠልጠያ ገመድ አድርገው ከሕይወት አድን ጃኬቱ ጋር ይሰሩት።

የመርከብ ሬዲዮ የተባለው ከ156 ሜጋኸርዝ ጀምሮ የሚሠራ ቪኤችኤፍ ነው። አንዳንዱ ይንሳፈፋል፣ ዕቃውም ጠንካራ ነው። ቻናሎቹ ግን በዓለም ዙሪያ ለባሕር ጉዞ የተመደቡ ናቸው። ለድንገተኛ ጥሪ የሚውለው ቻናል 16፣ ማለትም 156.8 ሜጋኸርዝ ነው። ሐዋሳ ላይ ቻናል 16ን ጆሮውን ሰጥቶ የሚጠብቅ የባሕር ኃይል የለም። ማኅበሩ ለራሱ ፍሪኩዌንሲ ያመልክት፤ በሱ ላይ የተሞላ፣ ማለትም ፕሮግራም የተደረገ፣ ተራ አይፒ 67 ሬዲዮ ይበቃችኋል። ስልኩንም አይጣሉት፤ ላስቲክ ውስጥ ጠቅልለው ይያዙት።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ! ሰርግና ምርቃት አዘጋጃለሁ። ዲጄው ሲለቀው ስልክ አይሰማም፤ ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰው እኛ ገና ሻማ እናበራለን። አሜሪካ ያለችው እህቴ «እዚህ ሱፐርማርኬት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሸጣል፣ ለበዓል ስመጣ ላምጣልሽ?» ብላኛለች። 35 ማይል ይላል፣ ፈቃድም አያስፈልገውም።

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም አታምጣ በያት። በሽቶና በጫማ ተኪው።

ፈቃድ አያስፈልገውም የሚለው እውነት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ። እነሱ 462 እና 467 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያሉ ጥቂት ቻናሎችን ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል። አውሮፓ ደግሞ 446 ሜጋኸርዝ ላይ ግማሽ ዋት ፈቅደዋል። ያ ነፃነት ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ቦሌ አይወርድም። እዚህ ያለ ፈቃድ የገባ የመገናኛ ሬዲዮ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። እህትሽ የበዓሉን ዋዜማ እዚያ ቆማ እንድታሳልፍ አትፈልጊም።

ደግሞ 35 ማይል ማለት 56 ኪሎ ሜትር ነው። ከሐዋሳ ተነስቶ ሻሸመኔን አልፎ ሄደ! ከተራራ ጫፍ ሌላ ተራራ ጫፍ ካልሆነ በቀር የማይሆን ነገር ነው። የአንቺ አዳራሽ ከመድረክ እስከ በር ስንት ሜትር ነው?

የአንቺ ችግር ርቀት አይደለም፣ ጫጫታ ነው። ይህን የሚፈታው የጆሮ ማዳመጫው ነው። ግልጽ ቱቦ ያለው፣ ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ዓይነት፣ ሬዲዮው ርካሽም ቢሆን ድምፁን ከዲጄው ነጥቆ ይሰጥሻል። ስትገዢ መሰኪያውን እዪ። ባኦፌንጎቹ የኬንውድ ዓይነት ባለ ሁለት እግር መሰኪያ ነው ያላቸው። የሞቶሮላዎቹ ሌላ ነው፤ እሱም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ሬዲዮውን ሳትይዢ ማዳመጫ አትግዢ። ማይኩን ሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ላይ አታድርጊው፤ ጨርቁ ሲፋተግበት ኩሽኩሽ ይላል። ደግሞ አትጩሂ። ሰው በጫጫታ ውስጥ መጮህ ይቀናዋል፤ ማይኩ ሲጮሁበት ድምፁ ይሰባበራል። በእጅሽ ከልለሽ በተራ ድምፅ ተናገሪ።

በወር ሁለት ሦስት ቅዳሜ ለሚሠራ ሥራ መግዛትሽንም እጠራጠራለሁ። ፈቃድ ካለው ድርጅት መከራየት ይቻላል። ካልሆነ ስልኮቻችሁ ላይ እንደ ዜሎ ያለ ተጭኖ የመናገሪያ አፕ ጫኑና ባለ ገመድ ኢርፎን ሰኩ። ሥራው በኢንተርኔት ስለሆነ ቀድመሽ አዳራሹ ውስጥ ገብተሽ ሞክሪው። ለሻማውና ለሙሽሮቹ ይህ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ የኮንስትራክሽን ሳይት ስቶር ኪፐር ነኝ። ሬዲዮዎቻችን ላይ ቴክኒሻኑ ኮድ አስገብቶልናል። ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው አይሰማንም አይደል?

መልስ፦ ይሰማችኋል፣ ያውም በደንብ። የገባላችሁ ኮድ ከ67 እስከ 254.1 ኸርዝ ባለው ውስጥ ያለች ዝቅተኛ ቃና ናት፤ ከንግግራችሁ ሥር ትሄዳለች፣ ጆሮ አያስተውላትም። ሥራዋ ያቺን ቃና ያልያዘ ንግግር እናንተን እንዳይረብሽ የናንተን ስፒከር መዝጋት ነው። የሌላውን ሰው ጆሮ አትዘጋም። ኮድ ያላስገባ ማንም ሰው እዚያው ቻናል ላይ ሆኖ ስሚንቶው ስንት ኩንታል እንደቀረ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ይሰማል። ምስጠራ የሚባለው ሌላ ነገር ነው፤ ዲጂታሎቹ ላይ የሚገኝ፣ እሱም ፈቃድ የሚጠየቅበት። የገንዘብና የቁልፍ ወሬ በአካል ይሁን።

ጥያቄ፦ አንድ የመንገድ ፕሮጀክት ተዘግቶ ዕቃው በጨረታ እየተሸጠ ነው። ታዋቂ ብራንድ የሆኑ ያገለገሉ ሬዲዮዎች አሉበት፤ አዲስ ርካሽ ከምንገዛ እነዚህ አይሻሉም? ለወፍጮ ቤትና ለመጋዘን ነው።

መልስ፦ ሊሻሉ ይችላሉ። የድሮ ጥሩ ሬዲዮ ሰውነቱ ብረት ነው፣ ስፒከሩም ወፍጮ አጠገብ ይሰማል። እኔ በግሌ ለድምፅ ጉልበት ስል አሮጌውን የምመርጥበት ጊዜ አለ። ግን ከጨረታው በፊት ሄዳችሁ ጀርባውን ገልብጡት።

ባትሪውን አውጡና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የሞዴሉ ቁጥርና ባንዱ እዚያ አለ። የመንገድ ፕሮጀክት ስለሆነ ቪኤችኤፍ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ለመጋዘን ውስጥ ሥራ ያ አይመቻችሁም፤ ግቢው ገላጣ ከሆነ ግን ያስኬዳል። ባትሪውን እንደሞተ ቁጠሩት። የሊትየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሞልቶ ከተራገፈ በኋላ አቅሙ ይወርዳል፤ ፕሮጀክት ላይ በየቀኑ ቻርጅ ሲደረግ የኖረ ነው። አዲስ ባትሪ የሚገኝለት ሞዴል ካልሆነ ጨረታውን ተዉት። የጨረታ ዋጋ ስታስገቡ የአዲስ ባትሪውን ዋጋ ደምሩበት።

ድሮ ሬዲዮ የሚሠራው በ25 ኪሎኸርዝ የቻናል ስፋት ነበር፤ አሁን የተለመደው 12.5 ነው። ሰፊው ብቻ የሚሠራ ከሆነ ጠባብ ቻናል ላይ ድምፁ ይጎረብጣል፣ ወደ ጎረቤት ቻናልም ይፈስሳል። የቀድሞው ባለቤት ፈቃድ ደግሞ ከሬዲዮው ጋር አይሸጥም፤ የራሳችሁን ታወጣላችሁ፣ ከዚያ ሬዲዮዎቹ በአዲሱ ፍሪኩዌንሲ እንደገና ይሞላሉ፣ ማለትም ፕሮግራም ይደረጋሉ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጠመደው። ለመሙላት የዚያ ሞዴል ሶፍትዌርና ገመድ ያስፈልጋል። የድሮው ቴክኒሻን የይለፍ ቃል ዘግቶባቸው ከሆነም ይለፍ ቃሉ ያስፈልጋል። ይህን ከጨረታው በፊት ከንብረት ክፍሉ ጠይቁ። ሶፍትዌሩን፣ ገመዱንና ይለፍ ቃሉን አብረው የሚያስረክቡ ከሆነ ዋጋ አስገቡ። «ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ» ካሏችሁ ሌላ ጨረታ ጠብቁ።